አንድ ሃያ አራተኛ

ከጅቡቲ መጣች በካርቶን ተኝታ፣
መቶ ሰባት ቁራጭ፣ አካሏ ተፈታ፤
መሪዋ ከፍሬኗ፣ ጎማዋ ከበሩ
እንደ ዘይቱን ፍሬ
ከፕላስቲክ ግንድ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ትልቋ ተሸጣለች፣ በኪሎ ተመዝና፣
ፔጆ አራት መቶ አራት፣ የአባቴ መኪና፤
በአረፋ ማግስት፣ ለብረት።
ይቺ አንድ ሃያ አራተኛዋ ናት።

በምላጭ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዟን አለስልሼ፣
ሙጫ በስንጥር ጫፍ፣ ትንፋሼን መልሼ፣
ሁሉ ገጠመልኝ። ቀለሙ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።
የፋብሪካው ሰማይ የፓሪስ መሰለኝ፤
የሐረር ታክሲ ግን ሰማያዊዋ ሌላ፣
ፀሐይ የላሰው፣ አቧራ የበላ።
ከእህቴ ከኢክራም የጥፍር ቀለም ሰርቄ ጠብ አረግኩበት፣
ቁንጥር አመድ ጣልኩበት፣
ሦስት ፀጉር በቀራት ብሩሽ ለቀለቅኩት።

ከዚያ መርፌ በሻማ አግዬ
ቀኝ ፓራፋንጎዋን ጥቂት አጎደጎድኩት፤
ደንገጎ ላይ፣ በጉም፣
ግመል የረገጠው ቦታ እንዳይጠፋበት።

ማታ አባቴ ዩስሪ፣ ዓይኑ የከዳው ሰው፣
በመዳፉ ይዞ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤
ከጣራ ወደ ኮፈን፣ ከኮፈን ወደ መብራት፣
ጎድጓዳው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመበት።
«ግመሏ!» አለና ሳቀ።
ቆየ።
የኋላ በሯን በጥፍሩ ነካና
«ይቺ የኔ አይደለች» አለኝ፣ መለሳትና፤
«የኔ በር መች ገጥሞ ያውቃል?
በገመድ ነበር እኮ የማስረው!»

ሌሊት ነው።
የደረቀ ሙጫ በምላጭ እፍቃለሁ።
ነገ መኪና ግርግር፣
ከሰፊዎቹ ዘንድ፣ አንድ ስንዝር ክር።