ጥላው የሚውልበት

ሐሙስ ማታ፣ ሮተርዳም፣ ዝናብ መስኮት ሲደበድብ፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን ማኅበራችን ሲሰበሰብ፣
ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሰፈር አለ፣ ከካርቶን የተሠራ፤
አርባ ቤት፣ አንድ ሜዳ፣ የክብሪት እንጨት ዛፍ በተራ።
ኪራይ ያንገሸገሸን ሁሉ እጅ ባወጣን ሰዓት፣
ወይዘሮ ኮርኔሊያ መብራቱን አጠፉት።

የብስክሌት ፋኖስ አበሩ፣ ዝቅ አድርገው፣ በደቡብ በኩል፤
«የጥር ፀሐይ ይሄ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሲል።»

ባለ አምስት ፎቁ ጥላ ጣለ፤
ሜዳው የለ።

የፋሪስ ልጅ፣ ኳሱን እንዳቀፈ፣ ጨለማውን በጣቱ ነክቶ፣
«ጎሉ እኮ እዚህ ጋ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ፤
ሕንፃውን ገፋ፣ አንድ ጋት።
ጻፍኩ፦ «አጀንዳ አራት፦
ቤቱ ይሠራል፤
ጥላው መንገድ ላይ ይውላል።»