ሜትር በአንገቴ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሄርማታ ገበያ፣
ከጨርቅ ተራው ጥግ፣ ከበሩ መግቢያ፣
ፔዳል ስረግጥ ኖርኩ።
እግሬ ስንት አገር ሄደ ቢባል በቁጥር፣
አዲስ አበባ ደርሶ ይመለስ ነበር፤
ግን አንድ ስንዝር አልራቀም ከወንበር።

የሰው ወገብ ለካሁ፣ የሰው ደረት ጻፍኩ፣
የሙሽራ ትከሻ፣ የጀለቢያ ቁመት፤
እኔ ግን ሜትሩን ባንገቴ እንዳጠለቅኩ
ሳልጠይቅ አረጀሁ የራሴን ስፋት።

አንድ ማክሰኞ፣ በዝናብ፣ የባንኩ ደረጃ፣
(አሥራ ሁለት ነው፤ ዛሬ ቆጥሬዋለሁ)
ስምንተኛው ላይ፣ ነዳጅ እንዳለቀው ባጃጅ
ትር ትር ብዬ ግድግዳ ይዣለሁ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር፤ ሁለት ቀይ ባልዲ፣ መሃላቸው ሠላሳ ሜትር፤
ሙንተሃ ሰዓቷን ይዛ፦
«ስድስት ደቂቃ ነው አባ ፊጣ፤ መሮጥ አያሻም፤
እንደ ልብዎ ይሂዱ፤ ማንም አይሻማም።»
እንደ ልቤ ልሂድ? ልቤ አይደል የያዘኝ፣
ስምንተኛው ላይ ግድግዳ ያስያዘኝ?
ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሜትር ብላ ጻፈች።
ለካ ደንበኛዬ ሁሉ፣ እኔ ስለካው፣
ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚቆመው
ይሄንን ፈርቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣
አዌቱን ተሻግሬ ወደ ጅሬን ዳገት።
«ወሬ የማያስቆም፣ ዘፈን ግን የሚያስቆም
ይሁን እርምጃዎ» ብላኛለች፤
አወራለሁ እንግዲህ፣ ሰው ባይኖርም ጎኔ፤
ለነስሩ ወንድሜ፣ ማሽኑ ከማሽኔ
ትከሻ ለትከሻ ለነበረው፣
ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ወንበሩ ላይ ለቀረው፣
የክር ዋጋ መናሩን እነግረዋለሁ።
ጭቃው ጫማዬን ሲይዘው
መልስ ይመስለኛል።

ሁለት ጣቴ ከእጄ አንጓ፣ የክር ጫፍ እንደሚፈልግ፣
አሥራ አምስት ሰከንድ፣ በአራት ይባዛ፤
በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ ሰማንያ ስምንት፤
በአሥራ ሁለተኛው ሰባ ሁለት፣
ዘይት እንደጠጣ ማሽን ረጋ።
የጻፍኩት የዱቤ መዝገቤ ላይ ነው፣
ከሰው ዕዳ ጎን፤ ይኼ የኔ ክፍያ ነው።

ሚዛኑ ግን ግትር፦
ሰማንያ አንድ ገባሁ፣ ሰማንያ አንድ ወጣሁ።
ተበሳጨሁ።
ሙንተሃ ሳቀች፤ «ሚዛን ሁሉን አያይም» ብላ።
ማታ ሱቄን ዘግቼ ሜትሩን ካንገቴ አወረድኩ፣
በወገቤ አዞርኩ፤
በእሷ ወረቀት መቶ አራት የነበረው ዘጠና ስምንት።
ስድስት ሣንቲም!
የራሴን ሱሪ አጠበብኩ፣ ቀብድ ሳልቀበል።

ባልዲዎቹ መሃል ዳግም ስመላለስ
ሦስት መቶ ሰባ ስድስት ሆነ።
ጻፈችው። ደስ አለኝ።
የባንኩ አሥራ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስቆም ግን
ማንም አልጻፈም፤
ነስሩን የለካው ሰው እንዳልነበረ ትዝ አለኝ።

ዛሬም ደንበኛ ሆዱን ስቦ ሲቆም
ሜትሩን ይዤ ዝም እላለሁ።
«ተንፍስ» እለዋለሁ።
እስኪተነፍስ እጠብቃለሁ።