ገና ነው

ሜዳችን ከሽምብጥ ወርዶ ከጣና ዳር፣
ግማሹ ኮረት ነው፣ ግማሹ ለምለም ሣር።
ሩሯ ከመስመር ስታልፍ ደንገል ውስጥ ትገባለች፣
ባለታንኳ ያወጣታል፤ አንዳንዴም ጠፍታ ትቀራለች።

እኔ ከዳር ነኝ፤ ተጫዋች አይደለሁም፣
በውድድር ወረቀት ስሜም አይታይም።
«ወጌሻ» ይሉኛል፤ ቅቤና ቀርከሃ፣
ጥቂት ሻሽ፣ አንድ ጄሪካን ውሃ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ልየው በመስከረም ጀምሮ፣
ባለ ካሬ ደብተር በእርሳስ አስምሮ፣
«ዘንድሮ ከክልል፣ ለከርሞ ከአገር» ብሎ፣
የሁለት ዓመት ሐሳብ በአንድ ገጽ ጠቅልሎ፣
ከላይ የጻፈው ስም «ሞላልኝ» ነበረ፣
ሌላው ሁሉ ከሱ ሥር ተደረደረ።

ሞላልኝ ባጃጅ ነጂ፤ ዱላውን ከወንበር ሥር ይዞ ይዞራል፣
ተሳፋሪ ሲጠፋ የጠርሙስ ክዳን እየመታ ይውላል።

መጀመሪያ አበጀ፤ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣
አውራ ጣቱ ዞረ፣ መለስኩት በትዕግሥት።
ቀጥሎ ደሳለው፣ ትከሻው ወለቀ፤
ስመልስለት ጊዜ አለቀሰና ሳቀ።
ጋሽ ልየው በላጲስ ሁለት ስም ፈገፈገ፣
አንድ ቀስት ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ አደረገ።
«ሞላልኝ እስካለ» አለኝ፣ «ችግር የለም።»
እኔ ግን በሰው አጥንት ላይ ተስፋ አልጥልም።

ከታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣
ለወዳጅነት ግጥሚያ መጡ ከዳንግላ።
ሩሯ መሬት ለመሬት፣ ሁለት ዱላ ከላይ፤
አንዱ ሩሯን አገኘ፤ የሌላውን ሰማሁት ሳላይ።
ደረቅ እንጨት አይደል፣ እርጥብ ድምፅ አለው ቅልጥም ሲሰበር፣
የሜዳውን ጩኸት ሁሉ ቆርጦ የሚያስቀር።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ተረተ አንዱ።
ማንም አልተቆጣም።
የባጃጁ ጌታም ማታውን መጣና፣
ቁልፉን ተቀበለው፣ «አይዞህ» አለውና።

በሱ ፈንታ ፈንታው ገባ። አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
ግራኝ፣ ቀጭን፤ ወደቡ ላይ ዓሣ ሻጭ ናት እናቱ።
በመጀመሪያው ቀን ሩሯን ስቶ መሬቱን ቆፈረ፣
በሁለተኛው የገዛ ቁርጭምጭሚቱን ሞከረ።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው፣ የሆስፒታሉ ጀሶ ተፈቶ፣
ሞላልኝ እቤቴ መጣ፣ በሰው ትከሻ ተጎትቶ።
«ለጋሽ ልየው፣ ‹ድኗል› በለው።
ከዚያ ወዲያ ይሰበር፤ እግሩ የኔ ነው።»
በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አጥንት አይዋሽም፤
ድልድዩ ተሠርቷል፣ ሰው ግን አያሻግርም።

በማግስቱ ጋሽ ልየው ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣
«እንዴት ነው ልጁ?» አለኝ፣ ዓይኑ ከሌሊት እንቅልፍ ማጣት ፈዝዞ።
«ገና ነው።»
ጨዋታውን ያልኩ መስሎት ፈገግ አለ፣
ከዚያ የቃሉ ሌላ ፊት ገባው፤ እርሳሱን ከጆሮው ነቀለ።
ከላይ ያለውን ስም በላጲስ ሊያጠፋ፣
ፈገፈገ፣ ፈገፈገ፤ ወረቀቱ ተበሳ፤
ከሥር ባለው ገጽ ግን የስሙ ዱካ አልጠፋ።

በሁለተኛው ግጥሚያ ወጣን። ፈንታው ነበር የሳተው።
በመልሱ መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ ስሙን ያነሣ የለም፤
ልጁ መስኮት ይዞ፣ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ አልተነፈሰም።

ሞላልኝ ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አላለኝም፤
መንገድ ስናቋርጥ ወደ ውሃው ይዞራል፣ አያየኝም።

በሚያዝያ፣ አንድ ማምሻ፣ ነፋስ እምቦጩን ወደ ዳር ሲገፋ፣
ሜዳው ላይ አየሁት ከፈንታው ጋር፣
ከዘራውን ገልብጦ፣ ቆልማማውን ወደ ምድር።
«እጅህን አይደለም» ይለዋል፣ «ወገብህን ስበር!»
ቃሉ ጆሮው ሲገባ ራሱ ሳቀ፤
ከዳር ቆሜ ኖሮ፣ እኔንም አመለጠኝ ሳቅ።

«ወጌሻ፣ ለከርሞስ?» አለኝ እግሩን ዘርግቶ።
ተንበረከክሁ። ጣቴ ሥር የገጠመው ጉጥ
እንደ ወይራ አንጓ ጠጥሯል።
የጣና ነፋስ በመጣ ቁጥር ዕድሜ ልኩን ያመዋል።
ይህን አልነገርኩትም።

ሩሯ ደንገል ውስጥ ገብታ፣ ፈንታው ሊያወጣት ገባ፤
ውሃው ጉልበቱ ድረስ።
«ገና ነው» አልኩት።
የትኛውን እንዳልኩ አልጠየቀኝም።