ኮሽ

ሻርጃ፣ ከኾሩ ማዶ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣
ጆሮዬን ለማዳመጫው አሳልፌ ሰጥቼ
ድምፅ እጽፋለሁ ለማይሰማ ሰው፣ ወንበር ላይ ተኮራምቼ።
እንግሊዝኛ ይገባል፤ ጀርመንኛ ሆኖ ይወጣል፤
እናቴ ታጥብላት የነበረች አዋላጅ፣ ወልቂጤ፣
ልብሷ እስኪደርቅ ያስተማረችኝ ቋንቋ
ዛሬ የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ጯሂው አያስቸግርም። ጥይት ባገሩ ሁሉ ጥይት ነው፤
በር ተወርውሮ ሲዘጋም ማንም ያውቀዋል፣ በር ነው።
ጣጣው ትንሹ ላይ ነው።

«ረስል» ይላል ፋይሉ። ቀሚስ ይሁን ቅጠል አይናገርም፤
ጀርመንኛ ግን ጉምሩክ ነው፣ ሳይፈትሽ አያሳልፍም።
ደረቅ ነው? «ራሸልን»። ውሃ ነው፣ ጫካ ነው? «ራውሽን»።
እሳት ነክቶታል? «ክኒስተርን»። ክፈቺ ሻንጣሽን።
«መርመር» ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ «ሙርመልን» ብዬ እሻገራለሁ፣
ወንዙ እዚያ ጋ ጠባብ ነው፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልፋለሁ።
«ሀም» ግን፣ ፍሪጅ ነው? ሴት ናት? ንብ? «ዙመን» ብዬ ላክሁት፤
ከላይፕሲግ ተመለሰ፦ «እዚህ ይጮሃል፣ ቀንሺው» ብለው ጽፈውበት።
ቃል እንዴት ይቀነሳል?
እንደ ራዲዮ የሚጠመዘዝ ጆሮ የለው።

አማርኛዬን የጠየቀኝ የለም፤ ሒሳብ አይታሰብለትም፤
እሱ ግን ከሁለቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጥሪም አይጠብቅም።
በእኛ ድምፅ ተሰምቶ አይቀርም፤ ይላል።
ቅጠሉ ኮሽ ይላል፣ ነፋሱ ሽው ይላል፣
ጠብታዋ ጠብ ትላለች፣ ትንኟ ጥዝዝ፣
ልብ እንኳ በአጥንት ታጥራ ድው ትላለች።
ጀርመን «እሱ ተንኮሻኮሸ» ይላል፤ ያ እሱ ማን ነው? ማንም።
እኛ ጋ ዝምታ ራሱ አፍ አለው፦
ጭር ይላል፣ ረጭ ይላል፣ ሲብስበት ጭው ይላል።
ምን እንዳለ ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

አስር ሰዓት ላይ እወጣለሁ። አየሩ እርጥብ ፎጣ፤
ከየሰገነቱ የኤሲው ላብ አናቴን ሊመታ ይመጣል፣
የእንጨት ጀልባዎቹ ጎማቸውን ግንቡ ላይ ያሻሻሉ፣
ለዚያም ቃል ስፈልግ መብራቱ ይለወጥና እሻገራለሁ።

ቤት ማለት አልጋ ነው፣ ተደራራቢ፤ ከላይ አስናቁ፣ ከታች እኔ፤
መጋረጃ አለን፣ አበባ ያለበት፣ ከህንድ ሱቅ የገዛነው።
ከላይ አንድ ድምፅ አለ።
ሹክሹክታ አይደለም። ጸሎት አይደለም፤ ጸሎቷን አውቀዋለሁ።
ለቅሶ ነው አልኩ፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ዝም አልኩ፤
ለቅሶ የራስ ነው፣ በመጋረጃ አይገባም።
እንግሊዝኛውን አመጣሁ፣ አልገጠመም። ጀርመንኛውን፣ ሰፋው።
አማርኛዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ።
እኔ፣ በትንሽ ድምፅ ደመወዝ የምበላው ሴት፣
ከአናቴ ላይ ያለውን ድምፅ መጻፍ አቃተኝ።

በአራተኛው፦ «አስናቁ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ረጭ።

ከዚያ እጇ ወረደ፣ ተጨብጦ፤ ጨለማው ውስጥ ተከፈተ፦
ገብስ፣ ሱፍ፣ እዚህም እዚያም ሽምብራ።
«ካገር የሚመጣ ሰው አቀበለኝ። ደክመሽ ነው የምትገቢው፣
ብቆረጥመው ትነቂያለሽ ብዬ
አፌ ውስጥ አቆየዋለሁ፣ እስኪረጥብ።»

አብረን ቆረጠምነው። ቋ፣ ቋ።
ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰውዬ በቡጢ እስኪደበድበን፤
ስንስቅም በትራስ ነው የሳቅነው።

በማግስቱ ፋይሉ ላይ «የማይለይ ድምፅ» የሚል መስመር ነበር።
ስዕሉ ባዶ ክፍል ነው፤ አምስት ሰከንድ ይቆያል።
ከኪሴ አንዲት ሽምብራ አውጥቼ ምላሴ ላይ አኖርኳት።
እስክትረጥብ ጠበቅሁ።
ከዚያ አንድ ቃል ጻፍሁ፣ ላክሁ።

ከላይፕሲግ አልተመለሰም።