ባለ ሁለት ወንበር

ወንበር መንቀል ቀላል ነው፤
ዐዋጅ አይሻም፣ ሠራዊት አይሻም፣ ከበሮም የለው፤
አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ፣ አራት ብሎን፣ አንዱ የዛገ፤
እሱ ለብቻው ግማሽ ቀን አስፈለገ።

አዴናው ላይ፣ ሰው «ቀለበት» ከሚለው የውድድር ጎዳና ማዶ፣
ከጥዶቹ ራስ ጭጋግ ሳይገፈፍ ገና፣
ሃርትቪግ የባትሪውን ሽቦ ፈታ፣ ኮፈኑን ከፈተና፤
ሩብ ሰዓት ቆሞ ጠበቀ፣ እጁን ከኪሱ ከቶ፤
ኤርባግ ቂመኛ ነው፤ ይነሣል ትንሽ ነገር ሰምቶ።

አሮጌዎቹ ወጡ፤ ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ኪሎ ቆዳና ስፖንጅ፣
እንደ ሰከረ አጎት በትከሻ ተደግፈው ወደ ደጅ።
ከቀኙ ሥር የወጣው ጉድ!
የፀጉር ማስያዣ፣ የኮብሌንዝ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ፣
ዛሬ ማንም ሱቅ የማይቀበለው ሳንቲም፣
አንድ የጆሮ ሎቲ።
ለዚህ ሎቲ ነው ጉንዱላ የገዛ እኅቷን ሌባ ብላ፣
ዘጠኝ ገና ያለፈው፣ ከትራውደል ጋር ከአንድ ሳህን ሳትበላ።
ሃርትቪግ በቱታው ጫፍ ጠረገው፤ ኪሱ ከተተው፤ ዝም አለ።
ለአንዳንድ ነገር መፍቻ ይፈለጋል፤ ቁጥሩ ከሳጥኑ ጎደለ።

አዲሶቹ በካርቶን መጡ፤ ካርቦን፣ ጥቁር፣ የተወለወለ፤
አንዱን በአንድ እጁ አነሣው፤ ሰባት ኪሎ። «ነፋስ ነው» አለ።
ሐዲዱ ግን የወለሉን ቀዳዳ በሦስት ሚሊ ሳተው፤
ሦስት ሚሊ! ሞረድ ይዞ ዋለ፤ የብረት ዱቄት ቅንድቡን አሸበተው።
ብሎኖቹን በልኩ አጠበቀ፤ መፍቻው «ቀጭ» ሲል አቆመ፤
ከልኩ አልፈው ሲያጠብቁት ስንቱ ብረት ታመመ።

ገባ። ዳሌውን ጨበጠው፣ ትከሻውን ቆነጠጠው፤
እንዲህ ጨክኖ ያቀፈው የለም፤ ሳቅ አመለጠው።
ሞተር ሳያስነሣ ነዳ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፤
በአፉ ማርሽ ቀየረ፣ በአፉ አጓራ፤ ድመቷ ደንግጣ ዘለለች ከዘይቱ በርሜል።

ጉንዱላ መጣች፤ የጋለ ድንች በሳህን፣
ካቻምና ሐኪም ባሰረው ዳሌዋ፣ በብረትና በብሎን።
«ግቢ» አላት። የወንበሩን ከንፈር አየችው፤ እንደ አጥር ከፍ ያለ፤
አንድ እግሯን አነሣች። ሌላው እምቢ አለ።
እሷ በሩን ይዛ፣ እሱ መፍቻውን ይዞ፣ ቆሙ፤
ዝናቡ ብቻ ነበር ከቆርቆሮው ላይ የሚሰማ ድምፁ።
«መጋቢት ሲከፈት አንተ ሂድ» አለች፤
«እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሰዓት እይዝልሃለሁ።»
ድንቹ ቀዘቀዘ።

መሸ። የቀኙን ካርቦን ነቀለ፣ ቀኑን ሙሉ የደከመበትን፤
በቦታው መለሰ ደጅ በላስቲክ ሥር ያደረውን፣ ጠርዙ የተቦጨቀውን፣
ቁልፉን ሲጫኑት ወገብ የሚያሞቀውን።
አሁን መኪናይቱ በግራ ዐለት፣ በቀኝ ትራስ፤
ጎማ ሻጩ ዮስት አየና ሳቀ፤ «ግማሿ ሰንጋ ፈረስ፣ ግማሿ አጋሰስ!»

ይሳቅ።

ሎቲውን የሰጣት ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ነው፣ ወርዳ እንዳትሄድ።
መዳፏ ላይ አገላበጠችው።
«ከየት?»
«ከተቀመጥሽበት ሥር።»
ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣበት ኖራለች።
የቀለበቱ በር ጋ ሲደርሱ ፍሬቻ ሊያበራ እጁን ሰደደ፤
«አትታጠፍ» አለችው፤ «ወደ ማየን።» ነዳ፤ ዝም ብሎ ነጎደ።

ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባጉ ቀይ መብራት እንደ በራ ነው፤
የተነቀለበትን ወንበር አልረሳም፤ ማን ይለምነው!
ከትራውደል ደጃፍ ቆሙ። መጋረጃው ገለጥ አለ፣ ተመለሰ።
ጉንዱላ ከለስላሳው ወንበር አልተነሣችም፤ እጇ ግን በሩን ዳሰሰ።
ሃርትቪግ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ፤
ቀዩም መብራት፣
ለጊዜው።