በሩ ሳይዘጋ

ካኮጋዋ ከተማ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
መረብ ተሰቅሏል በሽቦ ተገምዶ፤
ሦስት ፎቅ ነው ቤቱ፣ ምንጣፉ የፕላስቲክ ሣር፣
ኳስ የሚለቀምበት ሜዳው የወንዝ ዳር።

እኔ እዚያ ነው ሥራዬ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ
ጀማሪ አስተምራለሁ፣ እስክትጠልቅ ፀሐይ፤
ክርኑን የሚያጥፈውን፣ ቀና የሚል ቶሎ፣
ምንጣፍ የሚገርፈውን ኳሱን ከጎን ጥሎ፣
ሁሉንም አውቃለሁ፤ ስሕተት አዲስ የለው፣
ሰው ነው የሚለያይ፣ ጥፋቱ ያው ያው ነው።

በአንድ ዝናባም ዓርብ ኩዋባራ መጡ፣
ጃንጥላ አራግፈው ጫማቸውን ለወጡ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ሲነዱ ኖረው
በጡረታ ወጡ፣ ዛሬም ሰዓት አስረው።

ዱላ ሰጠኋቸው። ጨበጡት አጥብቀው፣
እንደሚያመልጥ ሌባ አንገቱን አንቀው።
«የተኛ ሕፃን እጅ ነው ብለው ይያዙት፤
እንዳይወድቅ ብቻ፤ እንዳይቀሰቅሱት።»

«እሺ» አሉ። ወዘወዙ። ሳቱ።
ደግመው ወዘወዙ፣ ምንጣፉን መቱ።
ሦስተኛዋ ኳስ ግን ወጣች ወደ ቀኝ፣
ምሰሶውን ገጭታ ጫማዬን መታችኝ።

የጉልበት አልነበረም፣ የጥድፊያ ነው ጣጣው፦
ጫፍ ሳይደርስ ዱላው፣ ክንድ ቁልቁል ሲያመጣው፣
ወገብ ኋላ ቀርቶ፣ ክብደቱ ሳይሻገር፣
ዓይን ሰማይ ይፈልጋል፣ ኳሷ ገና ሳትበር።

ሁለት ወር ነገርኳቸው፤ ያልሞከርኩት የለም፣
ብብት ሥር ፎጣ ይዞ፣ በአንድ እግር መቆም፣
መስተዋት ፊት መዞር፣ ባዶ እጅ መወዝወዝ፤
ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ቀን ሰዓት በመያዝ።

በሰኔ አንድ ምሽት፣ ቅርጫት ኳሱ ሲያልቅ፣
ጠየቅኳቸው እንዲሁ፣ ምክንያቴን ሳላውቅ፦
«ከባቡሩ ሥራ ምን ነበር ከባዱ?»
ዝም ብለው በዓይናቸው ሐዲዱን ወረዱ።

«መንዳቱ ቀላል ነው፤ ማቆሙም አይከፋ፤
ከባዱ ጣቢያ ላይ በር ተከፍቶ ሰው ሲጋፋ።
ሰዓቴ ዘግይቷል፣ እጄን ያሳክካል፣
አንድ ሽማግሌ ግን ለመውረድ ያስባል።
በሩ ሳይዘጋ ግን እጅ አይነካም መንጃ፤
ሁለት ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ስንት ዘመን እንጃ።»

«አንድ ኳስ ቀርቷል፣» አልኩ፤ «ዱላው ጫፍ ሲወጣ
ጣቢያ ነው ይበሉ። ሰው ይውረድ፣ ሰው ይምጣ።»

ቆሙ። ባለ ጓንት ጣታቸውን ቀስረው፣
«መስመሩ ክፍት!» አሉ፣ እንደ ድሮው ደፍረው።
ዱላው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ትከሻ ተከትሎ፣
ወገብ ተጠምዝዞ፣ ግራ ክንድ ቀጥ ብሎ፣
ጫፍ ላይ
ቆመ።
ሰው ወረደ መሰለኝ። ሰው ገባ።
አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ጎትታ አስገባች።
በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወገብ ሄደ፣ እንደ ባቡር አውራ፣
ክንድ፣ ዱላ ተከተሉ፣ ፉርጎ በየተራ።
ንጹሕ፣ ደረቅ፣ አጭር፣ ሌላ ድምፅ ነበር፤
አንገታቸው አልቀና፤ እኔ አየሁ ስትበር፣
ከቢጫው ሰሌዳ አልፋ፣ መረቡን ነክታ
ወደቀች፣ ነጭ ነጥብ፣ ከነጮቹ ተቀላቅላ ጠፍታ።

ደብተራቸው ላይ «አንድ» ብለው ጻፉ።
ሰዓታቸውን ሳያዩ ሄዱ፤
ጃንጥላቸው ቀረ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሃያ ሰባት ሳቱ፣
ዱላውን አንቀው፣ ልክ እንደ ጥንቱ።
«በሩ፣» እላቸዋለሁ። ፈገግ ይላሉ፤
ጣት ቀስረው፣ ተንፍሰው፣ እንደገና ይቆማሉ።

ከመረቡ ጀርባ አንድ ባቡር ቆሟል፤
ሁለታችን ዝም ብለን እናያለን። ገና ሰው ይወርዳል።