ስሙ የነበረበት ቦታ

በኢየሩሳሌም፣ በአርመኖች ሰፈር፣ ከግንቡ በስተውስጥ፣
አሥራ ሦስት ደረጃ ወርጄ መብራቱ ሥር ስቀመጥ፣
ብራና ነው ሥራዬ፦
የተቀደደ መጥቀም፣ የላላ ጥራዝ ማጥበቅ፣
ዝናብ የነካውን ዳር በጥጥ አድርጎ ማድረቅ።
ከቂርያት ጋት በሌሊት፣ በአውቶቡስ መጥቼ፣
ጣቶቼን እፍ ብዬ አሙቄ፣ ቢላዬን አውጥቼ።

ዘንድሮ የደረሰኝ የነገሥታት ታሪክ ነው፤
የአርመን ነገሥታት፣ ማን ማንን እንዳሰረው፣
ማን በወንድሙ ላይ በር እንደዘጋበት፣
የቷ ንግሥት ድልድዩ ላይ ፀጉሯን እንደቆረጠችበት።
«የጻፈው ማነው?» ሲባል ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

አባ ባርከቭ፣ የመጻሕፍቱ ጠባቂ፣ ጢማቸውን ይዘው ይምላሉ፦
«ጳጳሱ ዛዌን ነው! አባቶቼ ያውቃሉ።»
ዶክተር ኤልያኪም፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ መነጽሩን ይጠርጋል፦
«ጳጳሱ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ
የተሠራ ድልድይ እንዴት አየ፣ ከመቃብር ወጥቶ?»
«ገልባጭ ነው የጨመረው!»
«ታዲያ ስንቱን ጨመረው?
ግማሹን ተረት፣ ግማሹን ሐሜት፣ ማን ነው የቀመረው?»
እነሱ እንዲህ ሲባባሉ የእኔ ሻይ ይቀዘቅዛል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔን የጣመኝ ሐሜቱ ነው።
አባ ደስ ሲላቸው በዕብራይስጥ ይተረጉሙልኛል፦
የንጉሡ ወጥ ቤት ጌታውን በሹክሹክታ ሲራገም፣
ጨው የበዛበት ገበታ፣ የተሰረቀ ማንኪያ፣ የማያልቅ ቂም።
ጳጳስ እንዲህ አይጽፍም፤ ይህ ሽንኩርት የላጠ እጅ ነው፣
እላለሁ በሆዴ። የጠየቀኝ ማነው?

መጨረሻው ቅጠል ላይ፣ ጸሐፊ ምሕረት በሚለምንበት፣
«እኔ ኃጢአተኛው» ይልና፣ ባዶ ነው ስሙ ያለበት።
ሦስት አራት ፊደል የሚያህል፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም የተላጠ።
አባ ይላሉ፦ «ተስሞ ነው! በምእመን ከንፈር ተመጠጠ።
ቅዱስ ሰው ባይሆን ኖሮ ማን ይስመው ነበር?»
ዶክተሩ ይላል፦ «በቢላ ነው! ሌላ ስም ሊተክልበት የፋቀው ሌባ ነበር።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ነው ያደግሁት፤
እዚህ ግን ቃሉ ከላይ ውሎ፣ ስሙን ነው የቀበሩት።

ሲመሽ፣ ሁሉም ሲሄዱ፣ መብራቱን አዘንብዬ፣
ጉንጬን ከብራናው ትክክል፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ዝም ብዬ
አየሁት።
ቢላ ቆዳን ያስነሣል፣ ጸጉር ያበቅልበታል፤
ከንፈር ያስተኛዋል፣ እንደ ጠጠር ያለሰልሰዋል።
ሁለቱም ነበረ።
መጀመሪያ ፋቁት። ከዚያ ባዶውን ሳሙት።
ስንት መቶ ዓመት ሙሉ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቁ፣
በተፋቀ ቦታ ላይ አፋቸውን እያሞቁ።

ሎድ ላይ፣ ከአውሮፕላን ስንወርድ፣ የደከመው ጸሐፊ ነበር።
«አጀቡሽ» አልኩት። ጆሮው አልቀበል አለ፣ ብዕሩ ቸኮለ፣
«አቪቫ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።
የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ግን እስክትሞት፣
ጎረቤት እየሰማ፣ ልጆቼም እየሳቁባት፣
በተፋቀው ነው የጠራችኝ፤
እዚያው ላይ ነው የሳመችኝ።

ጧት ላይ አባ መጡ፦ «አቪቫ፣ ምን አየሽ?»
«ቢላም ከንፈርም» አልኳቸው።
ዶክተሩ «ቢላ!» ብሎ ወደ ማስታወሻው ሮጠ፤
አባ «ከንፈር» ብለው አማተቡ፣ ዓይናቸው ረጠበ።
«ም»ን የሰማ ግን የለም።

ባዶውን አልነካሁትም። ዙሪያውን ብቻ ጠገንኩ።
በሣጥኑ ላይ የሚለጠፍ ካርድ አለ፣
«ደራሲ» ይላል፣ ከጎኑ የነጥብ መስመር።
ውጭ የእንጨቱ ደወል ተመታ፣ ለጸሎት ይጠራል።
ዓርብ ነው። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ይቆማል።
እርሳሴን ቀረጽኩ፤
ካርዱን እያየሁ ቆምኩ።